ታገሺ

ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ደረቅ ጭራሮ በጣት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ነበር፤ ቀጭን፣ አጭር። ሙዚቃው ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። መጋቢት 2004 ዓ.ም. ነው። ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቀኝ እግሬ ጣቶች ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። 14 ዓመቴ ነው። እግሬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። መጀመሪያ ሙቀት ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ ዐይኔ ጭልም አለብኝ።

«ቲቸር፣ እግሬን…» አልኩ።

«ታገሺ። አንድ ዙር ነው የቀረን።»

ታገሥኩ። ያን አንድ ዙር ሁለት ጊዜ ደገምነው።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የአሰልጣኜንም የቤቱንም ስም አላነሣም። ዛሬ እኔ ራሴ እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ልጆችን ዳንስ አስተምራለሁ። በክፍሌ በር ላይ የሚቆሙት እናቶችና አባቶች የሚጠይቁኝ ክፍያውን፣ ሰዓቱንና «መቼ ነው መድረክ ላይ የምትወጣው?» የሚለውን ነው። ስለ ወለሉ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ልጁ ዘንድሮ ምን ያህል እንዳደገ የነገረኝም የለም። እኔን ለዚያ ቀን ያደረሱኝ ደግሞ እነዚሁ ያልተጠየቁ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በራሴ ላይ የደረሰውን እመሰክራለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ላፍቶ ባለው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ ሲንጀሯ ነበር፤ የልጅነቴ ድምፅ የእሱ ኳኳታ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር የወሩን እኩሌታ የሚያሳልፈው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ባሌትን መጀመሪያ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ነጭ የለበሱት ሴቶች መሬት የሚነኩ አይመስሉም ነበር። እናቴን አንድ ዓመት ሙሉ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዋ ልጇ የምትማርበትን ቦታ ነገረቻትና፣ በ10 ዓመቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ቲቸር ጫማዬን አስወለቀችና እግሬን በመዳፏ ይዛ ጣቶቼን ወደ ታች አጠፈቻቸው። «ይኼ እግር ለባሌት የተፈጠረ ነው» አለች። ለእናቴም ክፍያውን በግማሽ ቀነሰችላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ እግር የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ክፍሉ ቀድሞ ቢሮ የነበረ ነው። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ ከሴራሚኩ ሥር ሲሚንቶ። ባር የምንለው መደገፊያችን ከተበየደ የውኃ ቧንቧ የተሠራ ነበር። በአንድ በኩል መስታወት፣ በሌላው በኩል መስኮት፤ ከመስኮቱ ሥር «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች። አብረን ዘለን ስንወርድ ከሴራሚኩ የሚነሣው ድምፅ ጥፊ ይመስላል። ከሥራችን ያለው ቢሮ ሠራተኞች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድቡብን ነበር። እኛ ደግሞ እንስቅ ነበር። ያ ምት ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ይመስለን ነበር። ወደ ላይም ይሄድ ነበር፤ በተረከዝ ገብቶ፣ በቅልጥም አልፎ፣ ወገብ ድረስ።

11 ዓመት ሲሞላኝ ፖይንት ጫማ ተሰጠኝ። የጣት ጫፍ ላይ የሚያስቆመው ጫማ ማለቴ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሰው አንድ ሻንጣ ያገለገለ ጫማ ትቶልን ነበር። የኔ ጥንድ አንድ ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ጫፉን በጥጥ ሞላሁት። ጫማው ሮዝ ሐር ለብሶ ሲታይ አበባ ይመስላል። ውስጡ ግን በጨርቅና በማጣበቂያ ተደራርቦ የደረቀ ቆብ ነው፤ ከሥሩም እግርን የሚደግፍ ጠንካራ ገበር አለው። ሲለበስ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ በኋላ አይደግፍም። ያገለገለ ፖይንት ጫማ ማለት አቅሙን ለሌላ ሰው እግር ሰጥቶ የጨረሰ ጫማ ነው። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀንማ አብሬው ተኛሁ።

ከሁሉ የከፋው «እንቁራሪት» የምንለው ነበር። በሆዳችን እንተኛለን፤ ጉልበታችንን ወደ ጎንና ጎን ከፍተን የእግራችንን መዳፎች እናገናኛለን። ዳሌያችን መሬት ካልነካ አንዷ ልጅ መጥታ ቂጣችን ላይ ትቀመጣለች። በባሌት እግር ወደ ውጭ ዞሮ መቆም አለበት፤ ያ መዞር ደግሞ የሚመጣው ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። የአንዱ ሰው ዳሌ ብዙ ይዞራል፣ የሌላው ጥቂት። አጥንቱ የተሠራበት ቅርጽ ነውና ተቀምጠውበት አይለወጥም። ዳሌው እምቢ ያለውን ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ለማምጣት ሲሞከር ጉልበት ይጣመማል። እኔ በብሽሽቴ በኩል እየወጋኝ ለሁለት ዓመት ተኛሁበት። የምትቀመጥብኝ ልጅ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ታገሺ፣ አይዞሽ» ትለኝ ነበር። እኔም በተራዬ እሷ ላይ ተቀምጬ ያንኑ እላለሁ።

ታገሺ ክፉ ቃል አይደለም። ለሐዘንተኛም፣ ምጥ ለያዛትም የምንለው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም በክፋት ብሎት አያውቅም። የከበደኝም ይኸው ነው።

13 ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ መመዘዝ ጀመርኩ። እናቴ የዩኒፎርሜን ቀሚስ በሦስት ወር ሁለት ጊዜ አስረዘመችው። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት ሰማያዊ ደብተር ነበራት፤ የኔም ገጽ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ከነቀኑ። በ11 ወር ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር አድጌያለሁ። ለእናቴ የጨርቅ ሒሳብ ነበር። ለቲቸር ደግሞ የኔ ጥፋት። ከአንድ ወር በፊት የሚሳካልኝ ዙር ይጠፋብኛል፤ እግሬ ሳላስበው ይረዝምብኛል፤ እጄ ባሩን ይመታል። «ምን ነካሽ? አእምሮሽ የት ነው?» ትለኛለች። ጠዋት ስነሣ ጉልበቴ ሥር ያለችው እብጠት ትጠዘጥዛለች፤ ተረከዜ መሬት ሲነካ ያቃጥላል።

አሁን የሚገባኝ ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ! የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፍና ጫፉ ላይ ባለ፣ እንደ ጆሮ ለስላሳ በሆነ ክፍል ነው። ዕድገት እስኪያበቃ ያ ክፍል አይጠነክርም። ቁመት ሲፈጥን አጥንት ቀድሞ ይሮጣል፣ ጡንቻና ጅማት ይከተሉታል፤ ስለዚህ ጅማቱ የተጣበቀበትን ለስላሳ ጫፍ ይጎትተዋል። የጉልበቴና የተረከዜ ሕመም ያ ነበር። ደግሞም አጥንት ከረዘመ በኋላ እስኪጠነክር ወራት ይወስድበታል፤ በዚያ መሐል ያለው ጊዜ ስስ ነው። ሴት ልጆች በአብዛኛው 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው በዚህ በር ያልፋሉ። ሚዛን የሚጠፋውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ አእምሮ የሚያውቀው የትናንቱን እግር ነውና። የኔ ቲቸር ይህን ሳታውቅ ጠፋብሽ ያለችኝን ሚዛን ለማምጣት ልምምዱን በሳምንት ከሦስት ቀን ወደ አምስት አሳደገችው። ለፋሲካ ሰሞን ዝግጅት ነበረን።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 12 ቀን ገባ።

ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በቤታችን ሁላችንም እንጾማለን፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ፤ አሁንም እጾማለሁ። የጎዳኝ ጾሙ አይደለም። ቲቸር ጾሙ ከመግባቱ በፊት መስታወቱ ፊት አሰልፋን «ቀለል በሉ፤ ጀርባችሁ ሰፍቷል» ብላን ነበር። ጾሙ ለእኔ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ። ቁርስ አለመብላቴን የሚጠይቀኝ የለም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጎፋ እሄዳለሁ፤ ማታ እናቴ ሽሮና ጎመን ስታቀርብልኝ «ቲቸር ጋ በልተናል» እላለሁ። ለእግዚአብሔር የሚጾመው ጾም ከሽሮ ጋር፣ ከምስር ጋር፣ ከተልባ ጋር ነው። እኔ የጾምኩት ለመስታወቱ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ የወር አበባዬ ቀርቶ ነበር፤ እናቴ «ገና ጀማሪ ነሽ፣ ይዛባል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደ ሽልማት ነበር የቆጠርኩት።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል፤ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ሲመገብ የሚደርስበት ጉድለት ነው። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ ቁጠባ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚዘጋው ልጅ የመውለጃውን በር ነው፤ ከዚያ አጥንት መገንባቱን ያቀዘቅዛል። ዕድሜ ልካችንን የምንቆምበት አጥንት በአብዛኛው የሚገነባው እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የወር አበባ መቅረት በምትሠለጥን ልጅ ላይ የጉብዝና ምልክት ሳይሆን የማንቂያ ደወል ነው።

እግሬ መታመም የጀመረው ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ከላይ በኩል፣ ሁለተኛዋ ጣት ከእግር ጋር የምትያያዝበት ረጅም አጥንት ሥር፣ በጣት ስትነካ እዚያችው ነጥብ ላይ ብቻ ያማል። እናቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። ብዙ የሰፈር ሰው ያዳኑ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። «ወለም ብሏታል» አሉና በቫዝሊን አሽተው፣ ጣቴን ስበው፣ በጨርቅ አሰሩኝ። ጮህኩ። «ታገሺ ልጄ፣ አለቀ» አሉኝ። ወለምታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ ክሊኒክ ራጅ ተነሣሁ፤ «ንጹሕ ነው» ተባልን። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጡን። ከመደጋገም የሚመጣ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል የነገረን አልነበረም። ክኒኑን እየዋጥኩ ሦስት ሳምንት ደነስኩ። ሕመሙ ሲደነዝዝ ድኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ስንጥቁ ግን በየዝላዩ እየሰፋ ነበር።

እና ያ ቀን መጣ። ልምምዱ ሲያልቅ ጫማዬን መፍታት ፈርቼ ከነጫማዬ ነጠላ ጫማ ተጫምቼበት፣ ሦስቱን ፎቅ በቂጤ እየተቀመጥኩ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፊቴን አይተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። እናቴ ቤት ውስጥ ሪባኑን በመቀስ ቆረጠችው። እግሬ ሲወጣ ጥጡ ደም ለብሶ አብሮ ወጣ። የጣቴ ጥፍርም ከጥጡ ጋር ነበር። ቁርጭምጭሚቴ የለም፤ እብጠቱ ውጦታል። እናቴ መቀሱን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

በነጋታው ሆስፒታል ያገኘናቸው የአጥንት ሐኪም ራጁን ግድግዳው ላይ ባለው መብራት ላይ ሰቅለው አሳዩን። ስንጥቁ አጥንቱን አቋርጦ አልፏል፤ ለእኔ እንኳ ይታየኝ ነበር። እግሬን ከማየታቸው በፊት ፊቴን አዩኝ፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቁ።

«በዚህ ዓመት ስንት አድጋለች?»

እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ደብተሩ ከደንበኞቿ ልክ ጋር ሁልጊዜ አብሯት ነበር። ገጹን ገልጣ ሰጠቻቸው። ሐኪሙ ቀኑንና ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «እናቴ፣ ይኼን ለአሰልጣኟ አሳይተሻታል?» አሏት።

«የልብስ ልክ እኮ ነው ዶክተር» አለች።

«የወር አበባዋስ?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ?» አሉኝ። ለሁለቱም መልስ ሳጣ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሙ አልገሠጿትም። ወንበራቸውን ወደ እኛ ስበው እንዲህ አሉን፤ አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም፤ በሥራ ብዛት በየቀኑ ይጎዳል፣ በእረፍት ይጠገናል። ጠጋኙ ግን ደመወዝ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ምግብና እንቅልፍ ነው። «አንቺ ሠራተኛውን አስርበሽ ሥራውን እጥፍ አደረግሽበት።»

ስድስት ሳምንት ጄሶ፣ ከዚያ ክራንች፣ ከዚያ አራት ወር ያለ ዝላይ። የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው እግሬን አይተው «ለመድኃኒት ነው፤ ብዪ ልጄ» አሉኝ። በጾሙ መሐል ወተት ስጠጣ አፍሬ አለቀስኩ። ሚያዝያ 7 ቀን ፋሲካን በጄሶ ዋልኩ። ለዝግጅቱ የተሰፋልኝን ነጭ ቀሚስ እናቴ ፈታ ለእህቴ ልጅ የክርስትና ልብስ አደረገችው።

በዚያ ሰሞን አያቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች፤ እኔን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አያቴ 70 ዓመት አልፏታል። ከበሮው ሲመታ ተነሥታ መሐል ገባችና እስክስታ መታች። ዐይኔን እግሯ ላይ ተከልኩ። ሙሉ እግሯ መሬት ላይ ነው፤ ጉልበቷ እንደ ሞላ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ትከሻዋ ግን የ20 ዓመት ልጅ ነው። ከመሬቱ ጋር ተስማምታለች። እኔ በ14 ዓመቴ ክራንች ይዤ፣ እሷ በዚያ ዕድሜዋ! በዚያች ሰዓት ባሌትን ጠላሁት አልልም። እንዲያውም የባሰ ናፈቀኝ። ግን ሰውነት እስከ እርጅና የሚደንስበት መንገድ እንዳለ በዐይኔ አየሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ያጠናሁት በዚያ ምክንያት ነው። እዚያ ያነበብኩት ብዙ ነገር አናዶኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ስለ ፖይንት ጫማ የሚመክረው ግልጽ ነው። ከ12 ዓመት በፊት አይሆንም። 12 መሙላት ብቻውንም አይበቃም፤ የሆድና የወገብ ጡንቻ፣ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚት መጠንከር አለባቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትማር ልጅ ፖይንት ባትጀምር ይመከራል። ሁለት ቀን የምትማር ደግሞ ሦስት ዓመት በሥርዓት ተምራ በአራተኛው ትጀምራለች። እኔ አንድ ዓመት ነበር የተማርኩት። ደግሞ በጣቷ ጫፍ ቆማ ይህን ጥበብ ለዓለም ያሳወቀችው ማሪ ታልዮኒ እ.ኤ.አ. በ1832 ፓሪስ ላይ «ላ ሲልፊድ»ን ስትደንስ 27 ዓመቷ ነበር። አጥንቷ ዕድገቱን የጨረሰ አዋቂ ሴት ነበረች። እኛ ከእሷ የወረስነውን ለ11 ዓመት ልጅ አለበስነው።

ከራሳችን ከተማም የምማርበት አላጣሁም። እ.ኤ.አ. በ1996 ብሪታንያዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» መድረክ ላይ አቀረበ። ከዚያ የተወለደው አዱኛ የዳንስ ቡድን የተመረጡ ወጣቶችን ለአምስት ዓመት አሠለጠነ። ከነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠልጥኗል። ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም በኋላ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። እነሱ የሚሠሩት ዘመናዊ ዳንስ ነው፤ ባሌት አይደለም፣ የፖይንት ጫማም የለበትም። አዱኛ ግን አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችንም ይዞ ሠርቷል፤ ዳንሱን ለሰውነቱ ሰፋ፣ ሰውነቱን ለዳንሱ አልቆረጠም። የሰፊ ልጅ ነኝና ይህ ልዩነት ይገባኛል።

ቲቸርን ከተለያየን ከስምንት ዓመት በኋላ ሳር ቤት አንድ ካፌ በር ላይ አገኘኋት። እያነከሰች ነበር። ማኪያቶ አዘዝን። ዳሌዋ እንደሚያማት፣ ሐኪም «ያለቀ ነው» እንዳላት ነገረችኝ። እሷንም እንደዚያ ነበር ያስተማሯት፤ «እንቁራሪት»ን ከአስተማሪዋ ነው የወረሰችው። ማስተማሬን ስነግራት ለአፍታ ዝም አለች።

«በስንት ዓመታቸው ነው የምታለብሻቸው?»

«እስካሁን ያለበስኳት የለችም። ትልቋ ገና 11 ዓመቷ ነው።»

ጣቶቿን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ሻንጣ ጫማ የወሰድነውን ልጆች ስም ከነአባታችን፣ በቆምንበት ተራ፣ ከባሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጠራች። ሰባት ነበርን። ከሰባታችን ዛሬ የምትደንስ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። አንድም የለችም። እኔም የማስተምረው በጠፍጣፋ ጫማ ነው። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥንና፣ ስንነሣ «ልጆቹን ላያቸው እችላለሁ?» አለችኝ። መጣች። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ እየመጣች የእጅና የአንገት አያያዝ ታስተምርልኛለች። በዚያ የሚስተካከላት አላየሁም።

የኔ ክፍል ላፍቶ፣ ምድር ቤት ነው። ስከራየው ወለሉ እንደማንኛውም ቤት ሴራሚክ ነበር። አናጢ ጠርቼ ወለል ላይ ወለል አሠራሁ። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ቁራጮች ደርድሮ፣ በላያቸው ሞራሌ ዘርግቶ፣ ከሞራሌው ላይ ሁለት ድርብ ኮምፔንሳቶ መታበት፤ ከላይ የማያንሸራትት ፕላስቲክ አለበስኩት። አናጢው «እህቴ፣ ሴራሚክ እያለሽ?» ብሎኝ ነበር። ሲጨርስ አንድ ጊዜ ዝለል አልኩት። ዘለለና እግሩን ቁልቁል አየ፤ ደግሞ ዘለለ።

በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የእናቴ የልብስ መለኪያ ሜትር በሚስማር ተመትቷል። በየወሩ መጀመሪያ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ይለካሉ፤ እያንዳንዳቸው በእርሳስ መስመር አላቸው። የአንዷ መስመር ሲፈጥን ዝላይዋን እቀንሳለሁ፣ ዙሯን እቀንሳለሁ፣ መሬት ላይ በዝግታ የሚሠራውን አበዛለሁ፤ ሚዛን ሲጠፋባት «አድገሽ ነው» እላታለሁ። የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ ካለች ለእናቷ እነግራለሁ፤ ሐኪም ሳያያት አትዘልም። ያመማትን ቦታ በአንድ ጣት ማሳየት ከቻለች ያን ቀን ቁጭ ብላ ታያለች። በጾም ወራት ልምምድ ሳይጀመር ቆሎና ሙዝ እንበላለን፤ ማን ምን በላ ብዬ ሳልጠይቅ ሙዚቃ አልከፍትም። የማንንም ልጅ ጀርባ ላይ ማንም አይቀመጥም።

ትልቋ ልጅ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። «ሚስ፣ መቼ ነው ፖይንት የምለብሰው?» ግድግዳው ላይ ያለውን መስመሯን አሳያታለሁ። ካለፈው መስከረም ወዲህ 7 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል። «እሱ ሲያርፍ እንነጋገራለን» እላታለሁ። ታኮርፋለች፤ ከዚያ ረስታው ትሮጣለች።

ልጆቻችሁን ለዳንስ፣ ለጂምናስቲክ፣ ለሰርከስ የምታስመዘግቡ ወላጆች፣ ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁና ወለሉን በተረከዛችሁ ምቱት። እንደ ሲሚንቶ ከመለሰላችሁ የልጃችሁን እጅ ይዛችሁ ውጡ።